የኦንኮሰርኪያሲስ የደም ምርመራ በጅማ ገጠር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በግልገል ጊቤ፣ በጎጀብና በዲዴሳ ተፋሰስ ባሉ ቀበሌዎች የጤና ባለሙያዎች ላንሴት (የጣት መውጊያ) እና ክብ ወረቀት ይዘው ልጆችን ሲሰበስቡ ወላጁም፣ መምህሩም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም የሚያነሱት ጥያቄ ይመሳሰላል። ከላብራቶሪ ሠራተኞች የሚመጡ ጥያቄዎችም እዚሁ ተጨምረዋል።

የትኛው በሽታ ነው? በደም ውስጥ የሚፈለገውስ ምንድን ነው?

በሽታው ኦንኮሰርኪያሲስ ነው፤ በጤና ሠራተኛው አፍ ባጭሩ «ኦንኮ»። ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች አንዱ ነው። በሌላው ዓለም የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት እየተባለ ቢጠራም፣ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዓይን ከማጥፋት ይልቅ ቆዳን ማሳከኩ፣ ማሻከሩና የቅልጥምን ቆዳ ዥጉርጉር ማድረጉ ይብሳል። ስለዚህ «ዓይኔ ደህና ነው፣ ኦንኮ የለብኝም» ማለት አያስኬድም።

አምጪው ቀጭን ትል ነው። የምታስተላልፈው ትንሽ ጥቁር ዝንብ ቀን ትነክሳለች፤ እጮቿ የሚያድጉት ፈጥኖ በሚወርድ፣ ድንጋይ እየመታ አየር በሚጠግብ ውኃ ውስጥ ነው። የግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ የተኛ ውኃ ለወባ ትንኝ እንጂ ለእሷ አይመቻትም። ሴቷ ትል ከቆዳ ሥር በእባጭ ውስጥ ተቀምጣ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች፤ ማይክሮፊላሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ጨቅላ ትሎችን በቆዳ ውስጥ ትበትናለች። ማሳከኩን የሚያመጣው በዋናነት የእነዚህ ጨቅላዎች መሞት ነው።

የደም ምርመራው ትሉን አይፈልግም። የሚፈልገው ሰውነት ከትሉ ጋር ሲገናኝ የሚያመርተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ያውም ኦቪ-16 በተባለው የትሉ ፕሮቲን ላይ የሚጣበቀውንና አይጂጂ-4 የሚባለውን ዓይነት ብቻ። ይህ ዓይነት የተመረጠው ወስፋትና መንጠቆ ትል በሚበዛበት አገር ሌላው የፀረ እንግዳ አካል ዘር ሁሉ ቢለካ ከሌላ ትል ጋር የሚምታታ ውጤት ስለሚበዛ ነው።

ድሮ ከዳሌ ላይ ቆዳ ይቀነጠብ ነበር። ለምን ወደ ደም ተቀየረ?

ከዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ሁለት የቆዳ ቅንጣት ተወስዶ፣ ጨው ባለው ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ የወጡት ጨቅላ ትሎች በማይክሮስኮፕ ይቆጠሩ ነበር። አሠራሩ በሽታው ገና ሲበዛ አስተማማኝ ነው። ችግሩ የመጣው ሜክቲዛን (አይቨርሜክቲን) የተባለው መድኃኒት በየዓመቱ፣ በኋላም በዓመት ሁለት ጊዜ መታደል ከጀመረ ወዲህ ነው። መድኃኒቱ ጨቅላዎቹን ስለሚጨርስ፣ ትልቋ ትል በሕይወት እያለች ቆዳው ባዶ ሆኖ ይታያል። ማንም እናት ደግሞ የጤነኛ ልጇን ቆዳ በየጊዜው ማስቀንጠብ አትወድም፤ እውነቷንም ነው። ሆኖም የቆዳው ናሙና አልተጣለም፤ የት ላይ እንደሚያስፈልግ ወደ ታች ይመጣል።

የሚያሳክከኝ እኔ ነኝ። ለምን ከ10 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ብቻ ይመረመራሉ?

ፀረ እንግዳ አካል ከትሉ በኋላም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። የ45 ዓመት ገበሬ ቢመረመርና የፀረ እንግዳ አካሉ ምልክት በደሙ ቢገኝ፣ በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ የተነከሰውን ይሁን ያለፈውን ክረምት ማንም ሊለየው አይችልም። የ7 ዓመት ልጅ ግን ታሪኩ አጭር ነው። በደሙ ምልክቱ ከተገኘ የተነከሰው በእነዚህ 7 ዓመታት ውስጥ፣ መድኃኒቱ እየታደለ ሳለ ነው። የምርመራው ጥያቄም ይኸው ነው፦ ዝንቧ አሁንም ትሉን ከሰው ወደ ሰው እያዛወረች ነው ወይስ ቆሟል?

የልጁ ደም የሚናገረው ስለ ወንዙ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚያሳክከው አዋቂ ከዚህ ቡድን መልስ አይጠብቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይታይ። ማሳከክ በእከክም፣ በአለርጂም፣ በሌላም ይመጣል።

ዕድሜ ሲመዘገብ ጥንቃቄ ያሻል። የልደት ወረቀት የሌለው ልጅ ብዙ ነው፤ «አሥር ይሆነዋል» የሚለው የ12 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ 2 ዓመት ደግሞ እዚህ ብዙ ነው። የክትባት ካርድ ካለ እሱ ይታይ፤ ከሌለ ከታላቁና ከታናሹ ጋር ማነጻጸር ወይም በአካባቢው ሁሉም የሚያስታውሰውን ነገር፣ ትምህርት ቤቱ የተሠራበትን ወይም መንገዱ የገባበትን ዓመት፣ ማንሳት ይረዳል።

ልጄ ላይ ምልክቱ ተገኘ ተባልኩ። ታሟል ማለት ነው?

አይደለም። የተገኘው የመነከስና ከትሉ ጋር የመገናኘት አሻራ ነው። ትሉ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል፤ ውጤቱ የሐሰት ሊሆንም ይችላል። ልጁ ከማንም አይለይ፣ ከትምህርት አይቅር፤ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በመነካካት፣ በምግብም ሆነ በዕቃ አይተላለፍም። ከቆዳው ላይ ትንሽ ቅንጣት ተወስዶ የትሉ ዘረመል በፒሲአር (ዘረመልን አባዝቶ በሚያሳይ የላብራቶሪ ምርመራ) ሊፈለግ ይችላል፤ ይህ የሚደረገው ምልክቱ የተገኘባቸው ልጆች ጥቂት ሲሆኑ፣ በወላጅ ፈቃድ ነው። በመደበኛው እደላ ጊዜም እንደማንኛውም ልጅ በቁመት ዘንጉ ተለክቶ መድኃኒቱን ይውሰድ።

ምልክቱ ካልተገኘበትስ ነፃ ነው?

ስለ አንድ ልጅ እንዲህ ብሎ መማል አይቻልም። አንደኛ፣ ከንክሻው እስከ ፀረ እንግዳ አካሉ መታየት ድረስ ወራት ያልፋሉ። ሁለተኛ፣ ትሉ እያለባቸው ለኦቪ-16 ምንም ፀረ እንግዳ አካል የማያመርቱ ሰዎች አሉ። ለዚህ ነው ምርመራው በአንድ ልጅ ሳይሆን በሺዎች የሚሠራው፤ አንዱ ቢያመልጥ በብዙዎቹ መካከል ምልክቱ መታየቱ አይቀርም።

ስንት ልጅ ይበቃል? መንደሩስ እንዴት ይመረጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ መሠረት የመድኃኒቱን እደላ ለማቆም ቢያንስ 2000 ልጆች መመርመር አለባቸው። ያን ያህል ልጅ በአካባቢው ከሌለ ያሉት ሁሉ ይመረመራሉ። መስፈርቱ፣ ምልክቱ የሚገኝባቸው ልጆች ድርሻ ላይኛው የ95 ከመቶ የመተማመኛ ወሰን፣ ማለትም ከናሙናው ተነስቶ እውነተኛው ድርሻ ሊደርስበት የሚችለው ከፍተኛ ግምት፣ ከ0.1 ከመቶ በታች እንዲሆን ነው። ከ1000 ልጅ አንድ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቁጥር የሚወድ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በ2000 ልጆች ላይ አንድም ካልተገኘ ላይኛው ወሰን 0.15 ከመቶ ገደማ ነው፤ 0.1 ላይ ለመድረስ 3000 ያህል ንጹሕ ውጤት ያስፈልጋል። በአካባቢው ያሉት ልጆች ራሳቸው ጥቂት ሆነው አብዛኞቹ ከተመረመሩ ግን ያነሰው ቁጥር ይበቃል። ዕቅድ ሲወጣ 2000ን እንደ ጣሪያ መያዝ የተለመደ ስህተት ነው። የተበላሸው ናሙና፣ ዕድሜው ያለፈው ልጅና እምቢ ያለው ቤተሰብ ሲቀነስ ወለሉም አይገኝም።

የመንደር ምርጫው ከቁጥሩ አይተናነስም። መመረጥ ያለበት ዝንቧ የምትራባበት ፏፏቴና ጭንጫ አጠገብ ያለው መንደር ነው። መኪና የሚገባበትን መርጦ፣ ከአስፋልት ዳር 2000 ልጅ መርምሮ «ነፃ ነው» ማለት ራስን ማታለል ነው። ወሰኑም የወረዳና የዞን ወሰን አይደለም። ጎጀብን ተሻግሮ ከፋ ነው፤ ዝንቧ ግን መታወቂያ አታሳይም። በአንድ ዳር ያለው ሕዝብ መድኃኒት አቁሞ በሌላው ዳር ሥርጭቱ ከቀጠለ የዓመታት ልፋት ይባክናል። በሰሜን ምዕራብ መተማና የሱዳኑ ገለባት እንደ አንድ አካባቢ ተቆጥረው የተገመገሙት በዚሁ ምክንያት ነው።

ወቅቱም ይታሰብበት። በቡና ለቀማ ጊዜ ልጁም እናቱም ማሳ ላይ ናቸው፤ በገበያ ቀን ቀበሌው ባዶ ነው። ሌላ ቦታ ኖሮ የመጣ ልጅ ከሆነ የኖረበት ይመዝገብ፤ ምልክቱን ያመጣው ከሌላ ወንዝ ሊሆን ይችላል።

ደሙ የሚወሰደው እንዴት ነው? ብዙ ነው?

6 ትናንሽ ጆሮዎች ባሉት ክብ ወረቀት ላይ ከጣት ይወሰዳል። አንዱ ጆሮ 10 ማይክሮሊትር ይይዛል፤ ስድስቱ 60። አንድ የሻይ ማንኪያ ለመሙላት የ80 ልጆች ናሙና አይበቃም። «ደም ሊሸጡ ነው» ለሚለው ወሬ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ወረቀቱን ማሳየት ይሻላል።

ከመካከለኛው ወይም ከቀለበት ጣት ጎን ይወጋ፤ መሐሉ የበለጠ ያማል። የልጁ እጅ ከቀዘቀዘ በጧቱ ብርድ ደም አይወርድም፤ አስቀድሞ እጁን ማሻሸት ወይም ወደ ታች ማንጠልጠል ያስፈልጋል። ጣቱ በ70 ከመቶ አልኮል ይጠረግና እስኪደርቅ ይጠበቅ። ሳይደርቅ ከተወጋ ያቃጥላል፣ ደሙም ክብ ጠብታ ሳይሆን ተበትኖ ይፈሳል። የመጀመሪያው ጠብታ በደረቅ ጥጥ ይጠረጋል። ከዚያ ጣቱን እንደ ሎሚ መጭመቅ የለም፤ ሲጨመቅ ከሥጋው የሚወጣው ውኃማ ፈሳሽ ደሙን ያቀጥነዋል፣ ፀረ እንግዳ አካሉም አብሮ ይሳሳል።

የወረቀቱ ጆሮ ጠርዙ ብቻ ጠብታውን ይንካ፤ ራሱ ይመጠዋል። ከፊትም ከኋላም እኩል ቀይ ከሆነ ሞልቷል። በግማሽ የሞላ ጆሮ ላይ ሁለተኛ ጠብታ መደረብ አይፈቀድም፤ ተደራርቦ የደረቀ ደም ከአንድ ጆሮ 10 ማይክሮሊትር የሚለውን ስሌት ያፈርሰዋል። ሌላ ጆሮ ይሞላ። ሁለት ወይም ሦስት በደንብ የሞሉ ጆሮዎች ከስድስት ግማሽ ይሻላሉ።

መለያ ቁጥሩ በእርሳስ ይጻፍ ወይም ባርኮድ ይለጠፍ። የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይጠፋል፤ ማታ 200 ወረቀት ፊት ለፊት ተደርድሮ የማን እንደሆነ አለማወቅ ቀኑን ሙሉ ከንቱ ያደርጋል። ወረቀቱ መሐሉ በጓንት እንኳ አይነካም። ላንሴቱ አንዴ ከወጋ በኋላ ቀጥታ ወደ ሴፍቲ ቦክስ (የስለታማ ቆሻሻ ሳጥን)።

ወረቀቱ እንዴት ይደርቃል? በጅማ ክረምት ይህ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን ብዙው ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቡና አልጋ ላይ የሚሰጣው አየር ከላይም ከታችም እንዲያገኘው ነው፤ ወረቀቱም እንደዚያው ጠረጴዛ ሳይነካ፣ እርስ በርሱ ሳይደራረብ ተንጠልጥሎ ይደር። ልዩነቱ ፀሐይ ክልክል መሆኑ ነው። ፀሐይ፣ ምድጃ ዳር፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ሁሉም ፀረ እንግዳ አካሉን ይጎዳሉ። ሌሊቱን በክፍል ውስጥ ማሳደር ይበቃል፤ በሐምሌና ነሐሴ ግን ጧት ሲነካ ለስላሳ ከሆነ ይጨመርለት።

ጉንዳንና በረሮ ደሙን ይበሉታል። የመስቀያው እግሮች ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ይቁሙ፣ ከላይ ደግሞ አጎበር ይጣልበት። የቤት ዝንብ ከአንዱ ወረቀት ወደ ሌላው ደም ልታዛውር እንደምትችልም አይረሳ።

ደርቆ ጥቁር ቡናማ ሲሆን እያንዳንዱ በራሱ ትንሽ ከረጢት፣ ከዚያም ጥቂቶቹ ባንድነት እርጥበት በሚመጥ ሲሊካና የእርጥበት መጠን በሚያሳይ ካርድ በታሸገ ትልቅ ከረጢት ይገባሉ። የካርዱ ቀለም ከተለወጠ ሲሊካው ይቀየር፤ «ነገ እቀይረዋለሁ» ማለት ሻጋታን መጋበዝ ነው። ከዚያ ወደ ፍሪዘር፣ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ። ገጠር ላይ ፍሪዘር ከሌለ ለጥቂት ቀን በደረቅ ቦታ መቆየት ይችላል፤ ሳምንታት ግን አይጠበቅም።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጨረሻው ነገር፦ ከፍሪዘር የወጣ ከረጢት ወዲያው አይከፈትም። የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ተዘግቶ ይቆይ። ከቀዘቀዘ ጠርሙስ ላይ ላብ እንደሚወጣ ሁሉ በወረቀቱ ላይም ጤዛ ያርፋል፤ በአምስት ደቂቃ ጥድፊያ የሌሊት ሙሉ ማድረቅ ከንቱ ይሆናል።

እንደ ወባው በ20 ደቂቃ የሚነበብ ፈጣን ኪት አለ አይደል? ለምን በወረቀቱ ይደከማል?

አለ። ኤስዲ ባዮላይን የሚባለው የኦቪ-16 ኪት 10 ማይክሮሊትር ደም ይወስዳል፤ ከማሟሟያው ፈሳሽ ጋር በ20 ደቂቃ ይነበባል። በሽታው መኖር አለመኖሩን ለመቃኘት ይጠቅማል፤ ኤሌክትሪክም አይፈልግም። ለማቆም ውሳኔ ግን መመሪያው የሚጠይቀው በላብራቶሪ የሚሠራውን ኢላይዛ ነው። ኪቱን ሁለት ሰዎች ሲያነቡት ደብዛዛዋን መስመር አንዱ ያያታል፣ ሌላው አያያትም፤ ከ1000 ልጅ አንድ በሚፈለግበት ሥራ ይህ ልዩነት ውሳኔውን ይገለብጠዋል። በኢላይዛ ቁጥር ይወጣል፤ ናሙናውም በፍሪዘር ስላለ ነገር ካጠራጠረ እንደገና ይሠራል።

ኪቱን ለሚጠቀሙ፦ ደሙ በራሱ መለኪያ ቱቦ እንጂ በግምት አይጨመር፤ የመቆጣጠሪያዋ መስመር ካልወጣች ውጤት የለም፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ ብቅ ያለች መስመር አትቆጠርም። በጠራራ ፀሐይ መኪና ጣሪያ ላይ የዋለ ካርቶንም አይታመንም።

በኢላይዛ ላብራቶሪ ውስጥ ምን ይደረጋል? የት ላይ ይሳሳታል?

ከደረቀው ወረቀት 6 ሚሊ ሜትር ክብ ይበሳና በማሟሟያ ፈሳሽ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሌሊቱን ያድራል፤ ደሙ ከወረቀቱ ይወጣል። 96 ጉድጓዶች ያሉት ፕሌት ደግሞ አስቀድሞ በኦቪ-16 ፕሮቲን ተቀብቶ፣ ባዶ የቀረው ገጽ በሌላ ፕሮቲን ተሸፍኖ ይጠብቃል። የሟሟው ደም ይጨመራል። ፀረ እንግዳ አካሉ ካለ ይጣበቃል፤ የቀረው ይታጠባል። ቀጥሎ አይጂጂ-4ን ብቻ የሚይዝ፣ ኤንዛይም የተሸከመ ሌላ ፀረ እንግዳ አካል፤ እንደገና እጥበት። በመጨረሻ ቀለም የሚያወጣው ፈሳሽ ይገባል። ኤንዛይሙ ኤችአርፒ፣ ፈሳሹ ቲኤምቢ ከሆነ መጀመሪያ ሰማያዊ፣ አሲድ ሲጨመር ቢጫ ይሆንና በ450 ናኖ ሜትር ይነበባል።

የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ ከሳይንሱ ሳይሆን ከእጅ ነው። በመብሻው ላይ የቀረ የደም ብናኝ ወደ ቀጣዩ ልጅ ይሻገራል፤ በየናሙናው መካከል ንጹሕ ወረቀት መብሳት ይህን ይከላከላል። አንድ ኃይለኛ አዎንታዊ ናሙና ተከትሎ ሁለት ደካማ አዎንታዊ በተርታ ከመጡ መጀመሪያ መብሻው ይጠርጠር፤ መንደሩ በኋላ። እጥበቱ ከተዝረከረከ ፕሌቱ በሙሉ ቢጫ ይሆናል። በዳር ያሉት ጉድጓዶች ከመሐሎቹ ቀድመው ስለሚሞቁና ስለሚደርቁ ፕሌቱ ይሸፈን፣ አንዱ በሌላው ላይ አይቆለል። ቲኤምቢ ብርሃን ካየ ሳይጠሩት ይሰማያዊል። ሶዲየም አዛይድ ያለበት ማቆያ ደግሞ ኤችአርፒን ይገድላል፤ መደርደሪያ ላይ የተገኘውን ማጠቢያ ሳያነቡ የተጠቀሙ ሰዎች ፕሌቱ ለምን ነጭ ሆኖ እንደቀረ ቀኑን ሙሉ ይፈልጉታል።

እያንዳንዱ ናሙና በሁለት ጉድጓድ ይሠራ። ሁለቱ ከ20 ከመቶ በላይ ከተለያዩ ይደገም። በየፕሌቱ የታወቀ አዎንታዊ፣ የታወቀ አሉታዊና ባዶ ጉድጓድ ይኑር፤ መጠናቸው ከታወቀ ናሙናዎች የሚሠራው መለኪያ ከርቭም እንዲሁ። የአዎንታዊው መቆጣጠሪያ ቁጥር ከቀን ወደ ቀን በወረቀት ላይ ቢነጠብ፣ ወደ ታች ማዘንበሉ ፕሮቲኑ ወይም ኤንዛይሙ እየደከመ መሆኑን ፕሌት ከመበላሸቱ በፊት ይናገራል። የጅማ መብራት መቆራረጥ የሚያሳስበው እዚህ ነው፦ ቀልጦ እንደገና የበረደ ፍሪዘር ውስጥ ያለ ፕሮቲን ከውጭ ሲታይ ምንም አይመስልም። አንድ ጊዜ የሚበቃ መጠን በትናንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ይቀመጥ፤ ፍሪዘሩ የደረሰበትን ከፍተኛ ሙቀት የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ይኑረው።

99 ከመቶ ትክክል የሆነ ምርመራ ለምን አይበቃም?

2000 ልጆች፣ አንዳቸውም ትሉ የሌለባቸው ይሁኑ። ጤነኛውን 99 ከመቶ በትክክል የሚለይ ምርመራ 20 ልጆችን በሐሰት አዎንታዊ ያደርጋል። መስፈርቱ ግን ከ1000 አንድ ነው። ሥርጭቱ የቆመበት ወረዳ በምርመራው ስህተት ብቻ ለዓመታት መድኃኒት ይውጣል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዳዲስ መመርመሪያዎች ባወጣው መለኪያ 99.8 ከመቶ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ በዚያም እንኳ ከ2000 ልጅ 4 የሐሰት ውጤት ይጠበቃል። ስለዚህ አዎንታዊ የሆነው ናሙና ከአዲስ ብስ ወረቀት ይደገማል፤ በዚያም ከጸና ወደ ልጁ ተመልሶ የቆዳ ናሙና መጠየቅ ይመጣል። በሽታው እየጠፋ ሲሄድ ከእያንዳንዱ እውነተኛ ምልክት ጎን የቆመው ሐሰተኛ እየበዛ መሄዱ የዚህ ሥራ ትልቁ ራስ ምታት ነው።

ዝንቧስ አትመረመርም?

ትመረመራለች። የልጆቹ ደም ብቻውን መድኃኒት አያስቆምም። ቢያንስ 6000 ዝንቦች ተይዘው፣ ባንድ ላይ ተደርገው የትሉ ዘረመል በፒሲአር ይፈለጋል። ጭንቅላቱ ከአካሉ ተለይቶ ይመረመራል፤ ለማስተላለፍ የደረሰ እጭ የሚገኘው በጭንቅላቷ ነውና። መስፈርቱ ከ2000 ዝንብ አንዷ እንኳ እንዳትሆን ነው። 6000 ዝንብ መያዝ ሲወራ ይቀላል፤ ወንዙ በጎርፍ ሲሞላም በበጋ ሲያንስም ዝንቧ ትጠፋለች።

እግሬ አብጧል። ይህ ምርመራ ምክንያቱን ያሳየኛል?

አያሳይም። ባዶ እግር በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው የእግር እብጠት ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ትልም ጀርምም የለበትም፣ የሚለየው የደም ምርመራም የለውም። ሕክምናው በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ ቆዳውን ማለስለስ፣ ጫማና ካልሲ ነው። በትንኝ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ ደግሞ በሌላ የጣት ደም ኪት ይመረመራል፤ እሱ የሚፈልገው የትሉን ራሱን ቅንጣት ስለሆነ ትርጉሙ ከኦቪ-16 ይለያል። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለቱም ኪቶች ሲኖሩ መዝጋቢው እንዳያደባልቃቸው።

ሜክቲዛን ባለፈው ሳምንት ወስደናል። ውጤቱን ይለውጠዋል?

በአጭር ጊዜ አይለውጠውም። መድኃኒቱ ጨቅላ ትሎችን ይገድላል እንጂ ፀረ እንግዳ አካሉን ከደም አያጠፋም። «ልመረመር ስለሆነ መድኃኒቱን ልዝለል» ማለት ጉዳት ብቻ ነው። ከ5 ዓመት በታች ወይም ከ90 ሴንቲ ሜትር ያጠረ ልጅ፣ ነፍሰ ጡር፣ በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያለች እናትና በጽኑ የታመመ ሰው ግን አይወስዱም።

ደሙ ለሌላ ነገር ይመረመር ይሆን? እምቢ ማለት እችላለሁ?

እምቢ ማለት ይቻላል፤ በዚህ ምክንያት የሚቀር መድኃኒትም ሆነ አገልግሎት የለም። ናሙናው የሚመረመረው በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ብቻ ነው። ኤችአይቪ ካልተጻፈ ኤችአይቪ አይመረመርም። ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ይነበብ፤ ወላጅ በማያነበው ቋንቋ የፈረመው ፈቃድ፣ ፈቃድ አይደለም። ወላጅ ፈቅዶ ልጁ ካለቀሰና እጁን ከሰበሰበ ይተው።

ሁሉም ንጹሕ ከሆነ መድኃኒቱ በማግስቱ ይቆማል?

የልጆቹና የዝንቦቹ ውጤት ተዳምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ የኦንኮሰርኪያሲስ ማጥፋት የባለሙያዎች አማካሪ ኮሚቴ ይቀርባል፤ የሚያቆመው ወረዳው በራሱ አይደለም። እደላው ከቆመ በኋላ ከ3 እስከ 5 ዓመት ክትትል ይደረጋል፤ መጨረሻው ላይ ዝንቦቹ፣ እንደሁኔታውም ልጆቹ፣ እንደገና ይመረመራሉ። ያኔ የሚመረመሩት አብዛኞቹ በዛሬው ምርመራ ጊዜ ለትምህርት ያልደረሱ ስለሚሆኑ፣ የቀበሌው የልደት መዝገብ ከአሁኑ በትክክል ቢያዝ በዕድሜ ግምት የሚባክነው ሰዓት ይቀራል።